የላይኛው አካል

ክቡራትና ክቡራን፣ የክለባችን ሊቀ መንበር ሚስተር ቬርናኪያ፣ አሠልጣኝ ሬያል፣ ልጆቼ፤

እንደምን አመሻችሁ። ለጡረታ መሸኛዬ ይህን አዳራሽ ላሳመራችሁልኝ፣ ፔሮጊውን፣ ያን ድንች የተሞላ ሊጥ፣ በቅቤና በሽንኩርት ለጠበሳችሁልኝ የተጫዋቾች ሚስቶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የዚህ የበረዶ ሆኪ ቡድን ወጌሻ ሆኜ፣ እናንተ እራት ስትበሉ እኔ በረዶ በፌስታል እቋጥር ነበር። ዛሬ ገና ትኩሱን በላሁ።

ካፒቴናችን ዳሪን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር መነጽር ማድረጉን አይቶ "የፊልም ተዋናይ ሆነ እንዴ?" ያለውን ሰው ሰምቼዋለሁ። ልጁን ተዉት። ከኋላ ያለውን መብራት ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፤ ሒሳብ ሹሙ ቆጠብን ብሎ ደስ ይበለው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፈርቻለሁ። ጡረታውን እንዳይመስላችሁ። ባሌ ኤሮ ጀልባዋን ቀለም ቀብቶ እየጠበቀኝ ነው፤ እሱ ማጥመድ እንጂ ማውራት አይወድም፣ እኔ ደግሞ ለሁለት አወራለሁ፤ እንስማማለን። የፈራሁት የነገን ጠዋት ነው።

ነገ ጠዋት ቦርዱ ይቀመጣል። የአሠልጣኝ ሬያል ዱሼን ውል ይራዘም ወይስ ይብቃው? ሚስተር ቬርናኪያ፣ ባለፈው በሬዲዮ "በአሠልጣኛችን ላይ ሙሉ እምነት አለን" ሲሉ ሰማሁዎት። መፍራት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። በሆኪ አገር ሙሉ እምነት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አለ? ሙሉ እምነት የተባለለት አሠልጣኝ ሚስት፣ ባሏ ተባሮ፣ በማግስቱ ዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ስትለቅም ነው የምትገኘው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነው።

ሰውዬው እንከን የለውም አልልም። ተጋጣሚያችን በቅጣት ሰው ጎድሎበት፣ በአንድ ሰው በልጠን ስንጫወት ግብ ማግባት ካቃተን ቆየን፤ ያ የሱ ሥራ ነው። ግትር ነው። ሲቆጣ ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው ይደባለቅበትና፣ ልጆቹ በየትኛው እንደተሰደቡ እንኳ አይለዩም። አንዱ "ማርሊን፣ አሁን ምን አለኝ?" ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። "ምርቃት አይደለም" አልኩት።

ከተማው የተቀየመው ግን በዚህ አይደለም፤ በሰባተኛው ጨዋታ ነው። ሁላችሁም ነበራችሁ። ስድስቱን ጨዋታ ሦስት ሦስት ተካፍለናል፣ አሸናፊው ለዋንጫ ያልፋል፣ በግብ እኩል ነን፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ሬያል ካፒቴኑን አስቀመጠው። ዳሪን እስከ መጨረሻው ወደ በረዶው አልተመለሰም፤ በአንድ ግብ ተሸንፈን ወጣን። ጋዜጠኞቹ "ለምን?" ሲሉት ሬያል "የአሠልጣኝ ውሳኔ ነው" ብሎ ሄደ። በዚያው ሳምንት ሁለቱ ልምምድ ላይ ሰው ሁሉ እያየ ተጨቃጭቀው ነበር። ከዚያማ ምን ቀረ? ከተማው "ቂሙን ተወጣበት" ብሎ ፈረደ።

ወተት ልገዛ ብገባ ገንዘብ ተቀባይዋ ያዘችኝ። "ማርሊን፣ ያ ሰውዬ አብዷል እንዴ? ካፒቴን ያስቀምጣል?"

"እኔ የማውቀው ወለምታ ማሸት ነው" አልኳት።

"እንግዲያው የሱን ጭንቅላት እሽት አድርጊለት!"

ወተቴን ይዤ ወጣሁ።

በእኛ ዘንድ ተጫዋች ሲጎዳ የት እንደተጎዳ አይነገርም። ትከሻው ቢወልቅ "የላይኛው አካል"፣ ጉልበቱ ቢዞር "የታችኛው አካል" ብለን እናልፋለን፤ አለዚያ ተጋጣሚው ያንኑ ቦታ እየፈለገ ይመታዋል። ይህን ሕግ አክባሪ ነኝ። ኤሮን ጥርሱን ሲያመው ጎረቤት ቢጠይቀኝ "የላይኛው አካል ነው" ብዬ መልሻለሁ። ዛሬም ቢሆን የማንንም ሕመም አልናገርም። ሕመም የባለቤቱ ነው።

የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው።

ከሬያል በፊት ብዙ አሠልጣኞች አይቻለሁ። ልጅ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ዓይኑ ግን ሌላ አገር ነው። እኔ አይጫወትም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ምን የሚሉኝ ይመስላችኋል? "እስኪ የሚያነቃው ነገር አሽትቺው።" "አንድ ዙር ብቻ ይግባልኝ።" "ወንድ ነው፣ ይችለዋል።" በሌላ ቡድን ሳለሁ አንዱን እንዲህ ብለው ወደ ጨዋታው መለሱት። ዛሬ ከሱቅ ወደ ቤቱ የምትመራው ሚስቱ ናት። ጭንቅላት በረዶ ሲመታ አንድ ድምፅ አለው፤ የሰማው አይረሳውም። እኔ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ ብድግ እላለሁ። ኤሮ አሁን የእንጨት ማንኪያ ገዝቷል።

የሬያል ጥያቄ ይህች ብቻ ናት፦ "አዎ ወይስ አይ?"

በቃ። "አይ" ካልኩት ፊቱን ወደ ጨዋታው ይመልሳል፤ ልጁ ይቀመጣል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ "ሬያል፣ ብሳሳትስ?" አልኩት።

"ከተሳሳትሽ ጨዋታ እንሸነፋለን" አለኝ።

"ካልተሳሳትኩስ?"

"ካልተሳሳትሽና ካልሰማሁሽ፣ ለእናቱ ደውለሽ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?" ብሎ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ።

በሰባተኛው ጨዋታ ያችን ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር ወይ? አልናገርም ብያችኋለሁ።

ከእንግዲህ በእኔ ቦታ፣ በተጫዋቾቹ ወንበር ጫፍ የምትቆመው ጁሊ ናት። ጎበዝ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። ግን ገና አዲስ ናት፣ ድምፅዋም ቀጭን ነው። አጠገቧ የሚቆመው ማን ይሆን? "አይ" ስትለው የሚሰማት ነው ወይስ "አንድ ዙር ብቻ" የሚላት? እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ለሬያል እንጀራ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የትም ሥራ አያጣም። ለእነዚህ ልጆች ነው የምፈራው፣ እናንተ ግን እኔ ያየሁትን ሳታዩ ነው ነገ እጃችሁን የምታወጡት፣ እኔም አፌ ታስሮ...

ቆይ። ማነው የተነሣው?

ዳሪን፣ ቁጭ በል ልጄ። ግድ የለህም። ቃሌ ቃል ነው።

ምን አልክ? ከፊት ያሉት አይሰሙህም። ማይክሮፎኑን ስጡት። አይሆንም? ይጮህብሃል? እሺ። እኔ ልድገምልህ? እርግጠኛ ነህ? ሚስትህስ ትስማማለች? እሺ፤ በል ቀስ ብለህ።

"ያን ምሽት ወድቄ ስነሣ ወደ ተጋጣሚዎቹ ወንበር ነው ያመራሁት" ይላል። "ሰው ሁሉ ጨዋታውን ይከተል ነበር፤ ያየችኝ ማርሊን ብቻ ናት።"

አዎ። አየሁት።

"ለማንም እንዳትናገሩ ብዬ ሁለቱንም የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ጭንቅላቱ ተመታ ከተባለ ማን ያስፈርመኛል ብዬ ፈራሁ። ሰው ሬያልን ሲሰድበው እየሰማሁ ዝም አልኩ።"

ግድ የለም፣ ልጄ። መፈራት ያለበትን ነው የፈራኸው። ሌላም አለ?

"ቤት ስገባ ሚስቴ ሕፃኗን አሳቀፈችኝ..." ቀስ በል፣ እየሰማሁህ ነው። "የልጄን ስም አጣሁት" ይላል።

ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

ሬያል፣ ሹካውን አስቀምጠውና ቀና በል። ማንም አይበላህም።

ሚስተር ቬርናኪያ፣ የቦርዱ አባላት፤ ነገ "ስንት አሸነፈ?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። እኔን የሚጠይቀኝ ባይኖርም በሬያል ጥያቄ ልመልስላችሁ። ውሉ ይራዘም፣ አዎ ወይስ አይ? አዎ። ሙሉ እምነት ግን እባካችሁ አትበሉ።

ፍርሃቴ አለቀቀኝም። ቢሆንም ሳልመርቃችሁ አልወርድም።

በረዷችሁ የለሰለሰ ይሁን። ስትወድቁ የሚያነሣችሁ፣ ስትነሡም ዓይናችሁን የሚያይላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ወደ ገዛ ወንበራችሁ የምትመለሱ ያድርጋችሁ። ጁሊ፣ "አይ" ስትዪ ሰሚ አያሳጣሽ። ለሁላችሁም፣ የልጆቻችሁን ስም ከአፋችሁ አያጥፋባችሁ።

ዳሪን፣ ገና አትቀመጥ። የልጅህ ስም ማነው?

ጮክ በልልኝ፣ አልሰማሁህም።

ኤልሲ። ሰማችሁ? ኤልሲ ነው የምትባለው። በሉ ደህና እደሩልኝ።