ለነገው አደን የሚሳሉ ፍላጻዎች

ና ወንድም ዓለም፣ ግባ። ያቺን በርጩማ ሳብ አድርገህ ተቀመጥ። እንግዳችንም በሩ ላይ አይቁሙ፣ ንፋሱ ይመታዎታል። ወንበሩ ላይ ያለውን የሥጋ ቤቱን ቢላዋ ወዲያ ገፋ ያድርጉና አረፍ ይበሉ፤ ሻይም አለ። ደመናው ገለጥ አለ አይደል? ለነገው አደናችሁ ጥሩ ቀን ነው የሚሆነው።

እስኪ ፍላጻዎችህን ወዲህ በላቸው። ውይ፣ ጫፋቸው እንዴት ዶልዱሟል... ግድ የለም፣ ሥጋ ቤቱ ትንሽ ይጠብቀኛል። ጋሽህ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ሱቁን የያዝኩት እኔው ሚስቱ ነኝ፤ መቀስ ብትለኝ፣ ቢላዋ ብትለኝ፣ ሁሉንም እስላለሁ። እሱ ጓዳ ተኝቶ የሞረዱን ድምፅ እያዳመጠ «አጋደልሽው» ይለኛል። እግሩ እንጂ ጆሮው አልተሰበረም።

ተመልከት እንግዲህ። መጀመሪያ በሞረድ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል። ከዚያ በዘይት ድንጋዩ ላይ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ለዓይን የማይታይ ቀጭን የብረት ልጣጭ ይቀራል፤ በአውራ ጣትህ ስትዳስሰው ምላጭ ይመስልሃል። ቆዳ ላይ አሸት አሸት አድርገህ ካላስለቀቅኸው ግን ገና አንድ ነገር ሲነካ እጥፍ ይላል። ሲዳሰስ ምላጭ፣ ሥራ ላይ ሲውል ማንኪያ... ስለ ብረት ነው የማወራው እንግዳችን፤ ሻይዎን ይጠጡ።

አንድ ሰው ነበር። አታውቀው ይሆናል... ወይ ታውቀው ይሆናል፤ ሰው መቼ ተዋውቆ ያልቃል? ያኔ አንተ ለሥራ ሩቅ ነበርክ። ጋሽህ ደግሞ ሰው አያማም፣ እግሩ የተሰበረ ዕለት ለአደን ከማን ጋር እንደወጣ ከእኔ በቀር ለማንም አልተነፈሰም። ይሄ የምልህ ሰው በጣም ጥሩ ሰው ነው። ጋሽህ «ፍላጻህን ልሳልልህ» ቢለው እንዳያደክመው ብሎ እምቢ አለ። ራሱ ሞረድ ሞረድ አደረገና በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ምላጭ ነው» አለ። ትሕትናውን አየህልኝ? ከዚያ በእሱ መኪና ወጡ።

አጋዘኑን መጀመሪያ የወጋው እሱ ነው፤ የሰው ክብር አልነካም። ብቻ ጫፉ ታጠፈና አውሬው ቁስሉን ይዞ ሸሸ። የቆሰለ አውሬ ጥሎ መሄድ ነውር አይደል? ጋሽህ ደሙን እየተከተለ ገደሉን ወረደ። ያ ሰው አስተዋይ ነውና መንገድ መንገዱን በላይ በኩል ሄደ። ሁለቱም ቢወድቁስ ማን ይተርፋል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ... አንዱ ድር ቀድሞ ቤቱ ከገባ ምን እንደሚያስር ግን አልነገሩንም።

ጋሽህን ድንጋይ ከዳውና ወደቀ፤ እግሩ ቀጭ አለ። ተጣራ። ያ ደግ ሰው ከላይ ሆኖ «መጣሁ» ብሎ መለሰለት። ስንቱ ነው ሲጠሩት ዝም የሚል? እሱ ግን መለሰ። ቀጥሎ ጋሽህ የሰማው የመኪናውን ሞተር ነው። «መጣሁ» ማለቱስ ውሸት ነው እንዴ? መጣ እኮ... ወደ ቤቱ።

ምን ያድርግ ታዲያ? አጋዘኑን መንገድ ዳር ወድቆ አገኘው፣ ፀሐዩ ደግሞ ከሯል። ሥጋ ይበላሻል። ሰው መቼም ቶሎ አይበላሽም... ቀድሞ ካልተበላሸ በቀር። ማታ ላይ ተጣጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ አንድ ታፋ በፌስታል ይዞልኝ መጣና «እስካሁን አልገባም እንዴ?» አለኝ። ባዶ እጁን እንኳ አልመጣም እኮ። የት እንደተለያዩ ብጠይቀው ጠፋበት፤ ደክሞት ነው። አጋዘኑ የወደቀበትን ቦታ ግን ዛፉን ሳይቀር እየጠራ ነገረኝ። አለቀሰልኝም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም አይደል የሚባለው? ከበሉ በኋላማ ጭራሽ አይገድም። ጋሽህን በማግስቱ መንገድ ሠራተኞች አገኙት። ሐኪሙም ከእንግዲህ አደን የሚባል ነገር እንዳያስብ ነገረው።

እንግዳችን፣ ትን አለዎት እንዴ? ቀስ ብለው ይጠጡ፣ የሚያጣድፍዎት የለም።

በል ወንድሜ፣ ክንድህን አምጣ። አየኸው፣ ፀጉሩን እንዴት ሙልጭ እንዳደረገው? እኔ የሳልኩት አይታጠፍብህም። ሂድ፣ አልከለክልህም። እንግዳችን ራሳቸው አብረን እንሂድ ብለው ደጅ ድረስ መጥተውልህ እንዴት ትቀራለህ? ብቻ የመኪናውን ቁልፍ አንተ ኪስ ውስጥ አድርገው። ታላቅ ሰውን ቁልፍ ማሸከም ደስ አይልም።

ስለዚያ ሰውም ክፉ አወራሽ እንዳትለኝ። ከልቤ ነው የምመርቀው። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ እስኪሸብት፣ እስኪያረጅ ያኑረው። መቼም ሁላችንም አንድ ቀን መውደቃችን አይቀርም፤ እሱም የወደቀ ዕለት ብቻውን አይተወው። ልክ እንደ ራሱ ያለ ወዳጅ በአጠገቡ ያቁምለት። አሜን በል እንጂ ወንድም ዓለም... እንግዳችንም አሜን ይበሉ።