ሙጫ የማይቀበለው ታንከር

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሪሃም ከሥራ ስትመለስ ጎረቤቷን አቡ አይሃምን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። የሙጫ ቱቦ ይዘዋል፤ በዚህ ወር ሰባተኛው መሆኑ ነው። ሪሃም የቧንቧ ሥራ ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት፤ እሳቸው ጡረታ የወጡ ሾፌር። ጣራ ላይ ያለው የፕላስቲክ ታንከራቸው አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። በዚህ የዮርዳኖስ ዋና ከተማ የአማን ሰፈር ደግሞ ውሃ የሚለቀቀው ሐሙስ ብቻ ነው፤ የፈሰሰው ፈሰሰ፣ ሌላው የሚመጣው በሳምንቱ ነው።

«አሁንም ሙጫ ነው?»

«ይኼኛው ጠንካራ ነው ልጄ። ሻጩ በልጆቹ ምሎልኛል።»

«ያለፈው ሻጭስ?»

«እሱ ልጅ የለውም።»

ሪሃም በረጅሙ ተነፈሰች። የተማረ ሰው ትዕግሥተኛ ነው የሚሉ ሰዎች ጎረቤት የሌላቸው መሆን አለባቸው።

«አቡ አይሃም፣ ይህ ፕላስቲክ ሙጫ አይቀበልም። ቅባት ላይ ወረቀት እንደ መለጠፍ ነው። ስንቴ ልንገርዎት?»

«በጋለ ቢላም ሞክሬያለሁ። ቀዳዳው ሰፋ እንጂ አልተደፈነም።»

«እሳት ያገኘውን ሁሉ ይበላላ! እኔ የምልዎት በመፋተግ የሚመጣውን ሙቀት ነው። እስቲ መዳፍዎን ያፋትጉ።»

ሽማግሌው ሙጫውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አፋተጉ።

«ሞቀ?»

«ሞቀ። ግን አልተጣበቀም።»

«ፕላስቲክ አይደሉማ። ከአሮጌ ታንከር የቆረጥኩት ውታፍ አለኝ፣ ከእርስዎ ታንከር ጋር አንድ ዓይነት ነው። በመሰርሰሪያ እያሽከረከርኩ ቀዳዳው ላይ ስጫነው፣ ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ብቻ ቀልጦ ይዋሃዳል። ሙጫ ጎረቤት ያደርጋል፤ ይኼ ሥጋ ለሥጋ ያዛምዳል።»

«ቢበላሽስ? ነገ ሐሙስ ነው። ሚስቴ ኡም አይሃም ሌላ ሳምንት ባልዲ ይዤ ጎረቤት አልለምንም ብላለች። ወደ እህቷ ልትሄድ ነው።»

«ሙጫውስ ቢለቅ አትሄድም?»

ሪሃም መሰርሰሪያዋንና ውታፉን ከቤት ይዛ መጣች፤ ጣራው ላይ ወጡ። ሪሃም አሮጌውን ሙጫ በጥፍሯ ስትነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ሽማግሌው አዲሱን ሙጫ ከብብታቸው አውጥተው መሬት አስቀመጡ። ቦታውን አጽድታ ውታፉን ስትጫነው መሰርሰሪያው ጮኸ፤ በውታፉ ዙሪያ የቀለጠው ፕላስቲክ እንደ ቀለበት ወጣ። ማሽኑ እንደቆመ ሽማግሌው ሊነኩት እጃቸውን ሰደዱ።

«እስኪበርድ አይነካም! ከነኩት ልፋታችን ገደል ገባ።»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ በሕይወታቸው ረጅሙ ደቂቃ ነበር።

ሐሙስ ውሃው መጣ፤ ታንከሩ እስከ አፉ ሞላ። አቡ አይሃም ውታፉን በመሐረብ ዳበሱት፤ መሐረቡ ደረቅ ነው። እሁድ ኡም አይሃም ጠጉራቸውን ታጠቡ፤ በሐሙስ ውሃ፣ እሁድ።

ሰኞ ዕለት ጎረቤታቸው አቡ ረሺድ ከማዶው ጣራ፣ «የትኛውን ሙጫ ነው የተጠቀምከው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምንም። አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ታገኛለህ፣ ታጸዳዋለህ፣ ታፋትገዋለህ፣ እስኪበርድ ትታገሳለህ። አይሸትም፣ አይላጥም፣ ውሃም አይባክንም። ሰባት ጊዜ ከመሳሳት አንዴ የሚያውቅ ሰው መስማት ይሻላል። ሪሃምን ጠይቃት። ግን ቶሎ ገባኝ በላት፤ አንድ ነገር ደጋግማ ስትናገር ደሟ ይፈላል።»