የማንድቪ ቋጠሮና የላምቤቦ ካውያ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ለሙሽራ የመጣን ስጦታ ራሷ ሙሽራዋ እስክትፈታው ድረስ ማንም አይነካውም ነበር። አሁንማ ሁሉም ቀድሞ ከፍቶ ማየት ነው። ማንን እያልኩ እንደሆነ ገብቷችኋል፤ ያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያልሰማ የሚመስለውን ሰውዬ ነው! አዎ፣ አንተን ነው የምህረት አባት። ቀና በልና ልጆቹ ይዩህ።

ታዲያ እዚህ በሰው አገር፣ ሜይፌር ሰፈር ሱቅ ስከፍት ጎረቤቴ ኩልሱም የምትባል ህንዳዊት ሆነች። አሁንም አለች፣ እድሜ ይስጣት። አገሯ ማንድቪ ነው፣ ህንድ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ያለች ከተማ። እና ገበያ ሲቀዘቅዝ ወንበሯን ይዛ ሱቄ በር ላይ ትመጣለች፣ የእሷ እንግሊዝኛና የእኔ እንግሊዝኛ እየተደጋገፉ እንጫወታለን።

"ሲስተር፣" ትለኛለች፣ "እኛ አገር ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትልልቅ የእንጨት መርከብ ይሠራል። አባቴ መርከብ ሠሪ ነበር። ተወልጄ፣ ጥርስ አብቅዬ፣ ትምህርት ቤት ስገባ አባቴ ያንኑ መርከብ ነበር የሚጠርበው!"

"እናትሽስ?"

"እናቴማ ጨርቅ ትቋጥር ነበር።"

"ጨርቅ መቋጠርም ሥራ ሆነና?" አልኳት። ተቆጣች! ጨርቁን በጥፍር ጫፍ ቆንጠር፣ በክር ጥብቅ፣ ቆንጠር፣ ጥብቅ፣ እንዲህ እያደረጉ ይሞሉትና ቀለም ውስጥ ይነክሩታል። የታሰረው ቦታ ቀለም አይገባውም፤ ሲፈታ በቀዩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አበባ ሆኖ ይወጣል። እና ከነክሩ ነው የሚሰጠው፣ ክሩን ያላየ ሰው በእጅ መሠራቱን አያምንማ! እነኩልሱም ቤት ደግሞ ለሙሽራ ሲሆን፣ በሰርጉ ቀን የሁለቱ ወገን እናቶች ግራና ቀኝ ይዘው ሳብ ሲያደርጉት፣ ክሩ ጠሽ ጠሽ ጠሽ እያለ እንደ ፈንድሻ ይረግፋል።

ታዲያ የልጃችን የምህረት ሰርግ ሲደርስ፣ ያው ሶዌቶ ስፓዛ፣ ትንሽዬ ሱቅ ያለውን ልጅ ስታገባ፣ ኩልሱም አንዲት እፍኝ የምታክል የተኮማተረች ቀይ ነገር ይዛ መጣች። "እህቴ ፋጡማ ናት የቋጠረችው፣ ማንድቪ ሆና። ዓይኗ ደክሟል ሲስተር፣ ከዚህ በኋላ አትቋጥርም። በሰርጉ ቀን በስልክ አገኛታለሁ፤ ባታይም ድምፁን ትስማው።" እንባዬ መጣ። ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

እና ይሄ ሰውዬ! ትሮይቪል ላውንደሪ፣ የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ለእሱ የተጨማደደ ጨርቅ ማለት ኃጢአት ነው። ከመዝሙር ልምምድ ስመለስ ጨርቁ አልጋ ላይ ተዘርግቷል፣ ልሙጥ፣ ወረቀት መስሎ! "ላምቤቦ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ደረቱን ነፍቶ፣ "አንቺ እኮ አትነግሪኝም! ክር ተጠምጥሞበት፣ ተጨማዶ፣ እንዲህ ሆኖ ለልጄ ሊሰጥ ነበር? አንድ በአንድ ለቀምኩት፣ በእንፋሎት አድርጌ ሰጥ አድርጌ ተኮስኩት!" አለኝ።

"ክሩስ?"

"ጣልኩታ!"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ለጸሎት ቡድናችን ሴቶች ደወልኩ፤ ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ! በየነጭ ነጥቡ ላይ መልሰን ቋጠርነው። ግን ታውቁናላችሁ፣ የእኛ ሴቶች ሲያስሩ እንደ አውቶቡስ ጣራ ጭነት ነው። አንዷማ በጥርሷ ነበር የምታጠብቀው።

ሰርጉ ደረሰ። እኔ በአንድ በኩል፣ የሙሽራው እናት በሌላ በኩል ያዝን፣ ኩልሱም ስልኩን ወደ ጨርቁ አስጠጋች። ሳብን። ጭጭ! ደግመን ሳብን፣ የሙሽራው እናት ጫማዋ ወልቆ ሄደ፣ ጨርቁ ግን ጭጭ! ታዲያ ከስልኩ ውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ በአገራቸው ቋንቋ መጣና የኩልሱም ፊት ተለዋወጠ።

"ምን አለች?"

"'ይሄ የእኔ ቋጠሮ አይደለም፣ የእኔ እንዲህ ዝም አይልም' አለች።"

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ኩልሱምን ያጣኋት መሰለኝ፣ ከሰርጉም በላይ ያ ነው ያስፈራኝ። ይሄ ሰውዬ ከነሱፉ ብድግ አለ። "እኔ ነኝ!" አለ። "የልጄ ስጦታ ተጨማዶ ሳየው አላስቻለኝም። ተኮስኩት።"

"ተኮስከው?" አለች ኩልሱም፣ እና ለእህቷ አስረዳቻት።

ከስልኩ ውስጥ ሳቅ! ያቺ አሮጊት ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳል ያዛት፣ እንደገና ሳቀች፤ እኛም ሳቁ ተጋባብን። ትንሽ ቆይታ "ማነው መልሶ የቋጠረው?" ብላ ጠየቀች። ሴቶቻችን እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ፣ በስልክ እንደምታያቸው!

ኩልሱም ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ እየሳቀች። "'እጃቸው ከባድ ነው፣ ነጥቡን ግን አልሳቱም' ትላለች። 'እዚህ ሴት ልጆቻችን ቋጠሮውን ትተውት ሄደዋል፣ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። እነዚያን ሴቶች ላኪልኝ' ትላለች።" ተቃቀፍን፣ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያማ ሙሽራውም ሙሽራዋም፣ የእነሱም ወገን የእኛም ወገን ጨርቁን ከበን በጥፍር ስንፈታ ምሳው ቀዘቀዘ!

"እኔንስ ምን አለች? እሱን ዘለልሽው።"

አይ የምህረት አባት! አንተንማ ካውያህን ይዘህ ማንድቪ ድርሽ እንዳትል ብላለች!

"ልጆች፣ አትስሟት። ምህረት እኮ ዛሬም ያንን ጨርቅ ልትለብስ ስትል የምታመጣው ለእኔ ነው። እና ሳይተኮስ ሊለበስ ነው?"