ለዘጠና ኪሎ የተዘጋጀ ጉልበት

ሄሎ?... ሄሎ፣ እታለም! ኧረ ከነቃን ቆየን... ትሰሚኛለሽ? እኔ እሰማሻለሁ፤ ጥሩንባው ነው የሚረብሸን። መንገድ ላይ ነሽ?

— እሺ... መኪናውን ይዘሽ መጣሽ ማለት ነው። ሁለቱ ተሸካሚዎችም አብረውሽ ናቸው?... እሺ።

— አልረሳሁም እኮ! እንዴት እረሳለሁ? «አባባን እስከ ዛሬ ድረስ ከአራተኛ ፎቅ ተሸክመህ ማውረድ ካልቻልክ እኔ ቤት ይገባል» ብለሻል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ቃል ቃል ነው።

— ልብሱን? አላሸግኩም... ቆይ፣ አትቆጪ። እየነዳሽ ነው እንዴ? በሞቴ፣ ጥግ ያዢና አቁሚ... የለም የለም፣ ምንም አልሆነም! ደህና ነው። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ አርፋለች... አባባ፣ እታለም ናት፤ ሰላም በላት... «በሩ ዛሬም ሲጮህ አደረ በላት» ይልሻል።

— የቱ በር ይሆናል! ያው ማዶ ያለው የዳቦ ቤቱ ነዋ፣ ራሱ የሠራው። ማጠፊያው ዘይት ካየ ዘመን የለውም። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ሲጥጥ ይላል፤ እሱ ደግሞ አናጢ አይደል፣ እዚህ መስኮት ሥር ሆኖ ጥርሱን ያፋጫል። ዳቦ ጋጋሪው «እኔ ዘይት ላድርግበት» ቢል እምቢ አለው። «የእኔን በር ሌላ ሰው አይነካውም!»

— እሱማ ተሸካሚ አልፈልግም ብሏል፣ ታውቂው የለም እንዴ? «ሰው የሚሸከመኝ ለቀብሬ ነው፤ ያኔ አልከለክላቸውም» እያለ። ከልጁ በቀር ማንም አያወርደውም።

— አዎ፣ ያኔማ ሞክሬ ነበር፣ እግሩ የከዳው ሰሞን። ወገቤ ቅጭ አለ፤ ሁለታችንም አልጋው ላይ ተዘረርን... ሳቂ፣ ሳቂ። «ቀጮ» የሚለውን ስም ያወጣሽልኝ አንቺ አይደለሽ? የሰዓት ሠሪ ክንድ ምን ያነሳል? ከጥፍር የሚያንስ ብሎን ስለቅም የምውል ሰው።

— እሱን ልነግርሽ እኮ ነው! ለእሱ ብዬ ክብደት ማንሳት የጀመርኩበት ጂም... እንዴት ብዬ ላስረዳሽ? ጠዋት ስገባ ገና ማንም የለም። መስታወቱ ላብ አዝሎ ይጠብቀኛል። ከላይኛው መስኮት ብርሃን ይገባል፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል... ብረቱን ተሸክሜ ቀጥ ስል ሱቄ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ባንዴ ዝም ያሉ ይመስለኛል። አባባን ይዤ ደረጃውን የምወርድ ይመስለኛል። ደረጃው አያልቅም፣ እኛም አንቸኩልም... አሰልጣኙ «ኧረ አንተ ሰዓቱ! የት ሄድክ? ብረቱን መልሰው እንጂ!» ብሎ ሲጮህብኝ ነው የምመለሰው። እዚያ «ሰዓቱ» ነው የሚሉኝ።

— መለካቱንማ ሌሎቹ ክንዳቸውን በሜትር ይለካሉ፣ መስታወት ፊት ይገላበጣሉ። እኔ ደግሞ አባባን ነበር የምለካው። ዘጠና ኪሎ አይደል? «ዘጠና ኪሎ ነኝ፣ በር ብቻዬን ተሸክሜ ፎቅ እወጣለሁ» እያለ አይደል ያሳደገን? መጀመሪያ ባዶው ብረት ብቻ ጉልበቴን አንቀጠቀጠው፣ ማፈሪያ! ከዚያ ትንሽ ሲጨመርልኝ «ዛሬ የአባባን አንድ እግር አነሳሁ» እላለሁ ለራሴ። ከዚያ ሁለቱን እግር። ከዚያ እስከ ወገቡ... ትከሻው ላይ ስደርስ ብዙ ቆየሁ፣ አስቸገረኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ሙሉ ሰው ሆነ። ባርኔጣው ሳይቀር!

— አዎ፣ ዘጠናውን! አሰልጣኙ አቅፎ ሳመኝ... አንቺ ደግሞ እልል በይ እንጂ!... ቆይ ግን፣ አላለቀም። አቁመሻል አይደል?

— ዛሬ ጠዋት «አባባ፣ ላንሳህ?» አልኩት። «ኮቴን አልብሰኝ» አለ። እጁን አንገቴ ላይ ጠመጠመ። እንደተማርኩት እግሬን ከፈትኩ፣ ትንፋሼን ሳብኩ፣ ለዘጠና ኪሎ ያዘጋጀሁትን ጉልበት አንድም ሳላስቀር አወጣሁ... እታለም፣ ብድግ አለልሽ። ጣራ ላስነካው ምንም አልቀረኝ! ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ፤ ቁምሳጥኑ ባይዘኝ ወድቀን ነበር።

— አይደለም። የእኔ ጥንካሬ አይደለም... ሄሎ? አለሽ?... እሱ ነው፣ እታለም። ከስቶ አልቋል። ኮቱ ብቻ ነው የቀረው። እኔ ጅሉ በየቀኑ አየዋለሁ፣ አብሬው እበላለሁ። ግን ኮቱ ሰፊ ነው፤ እሱም ከአልጋ ወደ ወንበር በክንዱ እየተጎተተ ነው የሚሄደው፣ አትንኩኝ ባይ ነው። ከዚያ ከወደቅንበት ቀን ወዲህ በእጄ መዝኜው አላውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ ያን በር ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣውን ሰውዬ ነበር ሳነሳ የከረምኩት።

— ገባሽ አይደል? ጉልበቴ ድሮ በቅቶ ነበር። ወገቡ ላይ ስደርስ ላወርደው እችል ነበር። ክረምቱም አለፈ፣ በጋውም አለፈ... እኔ ብረት ሳነሳ እሱ እዚህ ተቀምጦ በሩን ሲያዳምጥ። መልሼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩትና አለቀስኩ... አታልቅሺ እንጂ፣ እታለም። አንቺ ስታለቅሺ እኔም ይብስብኛል።

— እሱማ ባርኔጣውን አስተካከለ። «ምን ያስለቅስሃል?» አለ። «ያን ሁሉ ትርፍ ጉልበት በከንቱ አጠራቀምኩት፤ አንተን እዚህ ዘግቼብህ» አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «የምን ከንቱ? መውረድ ብቻ ነው እንዴ? ተመልሰን ወደ ቤታችን እንወጣ የለም? ትርፉ ለመውጫው ነው።»

...ሄሎ?... እታለም? ትሰሚኛለሽ?

— አዎ። ለመውጫው። እንደዚያ ነው ያለው።

— አውቃለሁ፣ ያንቺ ቤት ሰፊ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ልጆቹም ይወዱታል። ማን ካደ? ግን መጀመሪያ ወርዶ በሩን በእጁ ዘይት ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ጠይቂው። እንደ ዕቃ ተጭኖ አይሂድ ነው የምለው... ቆይ፣ ደርሰሻል እንዴ? በመስኮት ልይሽ... አየሁሽ! ከዳቦ ቤቱ በር ፈቀቅ በይ፣ መንገዱን አትዝጊበት። ወንበር ለምኚልን። ተሸካሚዎቹ? ይቀመጡና ዳቦ ይብሉ።

አባባ፣ ተዘጋጀህ?... ኧረ ዘይቱን ኪስህ ውስጥ አትክተተው፣ ይፈስብሃል! በእጅህ ያዘው... «እንደ ሙሽራ እንዳታቅፈኝ፤ እኔ በልጅነትህ እንዳዘልኩህ እዘለኝ» ይላል... እሺ፣ ና፣ ጀርባዬ ላይ። አንገቴን ግን አትነቀኝ።

— ምን አልሽ? አልሰማሁሽም... መውጫውን?... አዎ፣ አብረሽን ትወጫለሽ እንጂ! ከኋላ ሆነሽ ባርኔጣውን ትይዢልናለሽ።

— በይ፣ ልዝጋው እታለም። ሁለቱም እጄ ያስፈልገኛል።