ወፌ ቆመች፣ ከግድግዳው ማዶ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ የአርብ ምሽታችሁን ከቤታችሁ ቀንሳችሁ ለእኔ ስንብት ስለሰጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሻው ምግቡን ሠርቷል፣ ሮሆቦት ፊኛ ስትነፋ ውላለች። ዳይሬክተራችን ስምረት ደግሞ ስሜን ያስጻፈችበት ኬክ አሠርታልኛለች። ከንግግሬ በኋላ ይጣፍጣት እንደሆነ እንጃ።

እኔ ዘሪቱ በዚህ ዴይኬር የሕፃናት ክፍል ይዤ ጸጉሬ ሸበተ። ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ውሸት። ደንባችንን ታውቃላችሁ፤ ሕፃን መጀመሪያ እዚህ ቢራመድ ለወላጅ አይነገርም። ያንን ማየት የእናትና የአባት ነው። ማታ ሊወስዱት ሲመጡ "እግሩ ጠንክሯል፣ ስልካችሁን አዘጋጁ" ብቻ እንላለን። አንዷ እዚሁ ሴንትራል ፓርክ ሰፈር የምትኖር እናት ደውላ "ዘሪቱ፣ ዛሬ ተራመደልኝ" ስትለኝ እልል ብያለሁ። ልጁ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ሲሮጥብኝ ነው የከረመው።

ደንቡን ያወጣችው ስምረት ናት። ጥሩ ደንብ ነው። የእኔ ልጅ ጊዜ ግን የት ሄዶ ነበር?

ያኔ ካፒቶል ሂል ሰፈር ተከራይቼ፣ ልጄን ሔቨንን አዝዬ በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ እዚህ ኦሮራ ድረስ እመጣ ነበር። እናት የገዛ ልጇን ክፍል አትይዝም ተብሎ እሷ ከግድግዳው ማዶ ትውላለች። ሶፋ ይዛ መቆም ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከማዶ ጭብጨባ ሰማሁ። "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" የስምረት ድምፅ ነው። ቀጥሎ "ሔቨን፣ ነይ፣ ነይ" ሲባል ሰማሁ።

ክፍሌን ያለ አዋቂ ጥዬ መውጣት አልችልም። በሩን ከፍቼ ተጣራሁ።

"ስምረት፣ አንዴ ክፍሉን ያዥልኝና ልያት።"

"የሰው ልጅ ጥለሽ? እናቶቻቸው እኮ ይከፍላሉ። ያንቺ ነገም ትራመዳለች።"

እውነቷን ነው፣ በማግስቱም ተራመደች። የመጀመሪያውን ግን አላየሁም። ዳይፐር እየቀየርኩ አለቀስኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ክርስቲያን ቂም አይዝም ትሉኝ ይሆናል። ይዣለሁ፤ ከልጆቻችሁ ጋር አብሬ አሳድጌዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ ስምረት ቅዱስን ወለደች፤ አሁን መኪና የሚነዳውን። ዓመት ሲሞላው ልደቱ ላይ ቪዲዮ አሳየችን። ሳሎናቸው ውስጥ ከአባቱ ወደ እሷ ይራመዳል። "የመጀመሪያ እርምጃው ነው" ብላ አለቀሰች። እኔም እልል አልኩ።

ስምረት፣ ያ የመጀመሪያው አይደለም። ቅዱስ መጀመሪያ የተራመደው ከዚያ በፊት፣ አንድ ማክሰኞ፣ እኔ ክፍል ሲውል፣ ከአሻንጉሊት መደርደሪያው ወደ እኔ ነው። እቅፌ ውስጥ ወድቆ ሳቀ። አንቺ ቢሮሽ ውስጥ ስልክ ላይ ነበርሽ። ደንብሽን አክብሬ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። አሁን ስለነገርኩሽ ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል።

ሰኞ ዕለት ምን አልሽኝ? "ተተኪ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ቆዪልኝ፣ ክፍሉን ማን ይይዝልኛል?" መልሴን በሰው ፊት ልስጥሽ፤ አንቺው ያዢው። ለሔቨን ልጅ የያዝሽለትንም ቦታ ለሌላ ስጪ። ልጁ ሶፋ ይዞ ቆሟል፤ የልጅ ልጄ እዚህ ቤት አይራመድም። ከእኔ ጋር ይውላል። እናቱ ሥራ ላይ ሳለች እግሩን ካነሳ በቪዲዮ እደውልላታለሁ፤ ስልኩ ከእጄ አይለይም።

እናንተ ባልደረቦቼ፣ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ጉልበታችሁን ያድስላችሁ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ ሲቆሙም ሲራመዱም ለማየት ያብቃችሁ። ስምረት፣ አንቺንም ለልጅ ልጅ ያብቃሽ። መጀመሪያ ሲራመድ ግን በግድግዳ በኩል ያሰማሽ።

አሜን ባትሉም ይገባኛል። ሰኞ ሥራ ትገባላችሁ።