ከቀትር ፀሐይ ያወጡኝ ሰው

ዳንግላ አስተምር በነበረበት ጊዜ ነው። ለዞን የሩጫ ውድድር እየተዘጋጀሁ ነበር። ጠዋት ክፍል ስለምገባ የምሮጠው በስምንት ሰዓት፣ የመጋቢት ፀሐይ አናት ሲበሳ ነው። አንድ ቀን ሮጬ ስመለስ ሽንቴ ጠቁሮ የቆየ ሻይ መሰለ። ኩላሊቴ አለቀለት ብዬ እያለቀስኩ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የላብራቶሪው ባለሙያ ጋሽ ሙሉዓለም መርምረው፣ "ደም አለበት። ስንት ሰዓት ነው የምትሮጪው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ውሃስ?"

"እንዳይከብደኝ ብዬ እስክጨርስ አልጠጣም።"

"ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ውሃሽ በላብ ካለቀ ኩላሊትሽ በምን ይሥራ? ሐኪሙ ይይሽና ሳምንት እረፊ። ከዚያ በንጋት ቅዝቃዜ፣ ውሃ ጠጥተሽ ሩጪ።"

"በንጋት ብቻዬን እፈራለሁ፣ ጋሼ።"

ትንሽ አሰቡና "እኔ እመጣለሁ" አሉ።

ለማጽናናት ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን በአሥራ ሁለት ሰዓት ጋቢያቸውን ተከናንበው የምሮጥበት ሜዳ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ሮጬ ስጨርስ የሽንት መያዣ ዕቃ ሰጡኝ፤ ናሙናዬን ይዘው ሄዱ። ረፋድ ላይ ሳስተምር በክፍሉ መስኮት ብቅ ብለው "ንጹህ ነው!" ብለው ጮኹ። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ምኑ ነው ንጹሁ?" ሲሉኝ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። እስከ ውድድሩ ድረስ አንድም ንጋት አልቀሩብኝም። አምስተኛ ወጣሁ። ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ፤ ያን ዕለት ከእኔ በላይ የጨፈሩት እሳቸው ነበሩ።