የኮሚሽኑ ጥያቄና የመዲና መልስ

እሑድ ረፋድ ላይ፣ ዐረብ አገር፣ ዶራ በተባለው ሰፈር፣ ቫኖቹ በሚቆሙበት ድልድይ ሥር መንገደኛው ይተራመሳል። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ትኩስ ምሳ በፌስታል አንጠልጥለው ታክሲ ሲጠብቁ ከኋላቸው ስማቸው ተጠራ። ዘወር ቢሉ ኮኮቤ ናት፤ ሮጣ መጥታ ትንፋሽ አጥሯታል።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሐምራ ሰፈር ውስጥ ብዙ ዘመን በሰው ቤት ሠርተው፣ ኋላ ቡርጅ ሐሙድ በተባለው ሰፈር ፀጉር ቤት የከፈቱ፣ ዐረብኛውን የሚያንበለብሉ ሴት ናቸው። ኮኮቤ ደግሞ ደሴ የጀመረችውን የሕግ ትምህርት ሳትጨርስ የመጣች፣ የሴቶቹን ማኅበር በነጻ የምታገለግል ወጣት ናት።

«እትዬ ሮማን፣ እግዚአብሔር ነው ያገናኘን! ወዴት ነዎት?»

«ወዴት እሆናለሁ ልጄ፣ መዲና ጋ ነዋ። ምሳዋን ላድርስላት።»

መዲና የወይዘሮ ሮማነወርቅ የቤት ተጋሪ ናት። በተመላላሽ የምትሠራበት ቤት እመቤት፣ ማዳሟ፣ ቀለበት ጠፋብኝ ብላ ከሰሰቻትና ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ቀለበቱ ልብስ ማጠቢያው ሥር ወድቆ ተገኘ፤ ማዳሟም አፈረች። ነገር ግን ይህን ለዐቃቤ ሕግ ያደረሰ ሰው ስላልነበረ መዲና ሕጉ ከፈቀደው ቀን በላይ እዚያው ቀረች።

«ዛሬስ ምሳ ብቻ አይበቃም» አለች ኮኮቤ። «የፖሊስንና የፍትሕን ሥራ የሚቆጣጠረው የመንግሥት ኮሚሽን ጣቢያዎችን ሊያይ ወጥቷል። አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ፈልጊ አሉኝ፤ የእኔ ዐረብኛ ገና ነው። ያውና መኪናቸው። የመዲናን ጉዳይ አመልክቻለሁ፤ መጀመሪያ የት እንደሚገቡ ግን ለእኔም አልነገሩኝም።»

«አመለከትሽ? ማን አመልክቺ አለሽ!» ወይዘሮ ሮማነወርቅ ፌስታሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ደግሞ ምን ያለ እንግዳ ነው፣ መምጣቱን ሳይናገር ሰው ቤት የሚገባ?»

«ተናግሮ ቢመጣማ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። የርስዎ ማዳም እንግዳ ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ዝባዝንኬውን ሁሉ ሶፋ ሥር ያስገፉኝ ነበር» አሉና ሳያስቡት ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ስሚኝ ልጄ፣ ያ ወፍራሙ ፖሊስ ምሳዋን ሳይነካ ያስገባልኛል። የልጆች አባት ነው። እኔ የሰው እንጀራ አልዘጋም። ነገ በሩን ቢዘጋብኝስ መዲና ምን ትበላለች?»

«የኔ እናት፣ የመዲና ምሳ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ከተንጠለጠለ፣ እሱ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር ምን ልትሆን ነው? ኮሚሽኑኮ ማንንም አያባርርም፤ ማንንም አያስርም። ይገባል፤ ፖሊስ በሌለበት እስረኛውን ያነጋግራል፤ መዝገቡን ያያል። ያየውን ለዐቃቤ ሕግና ለበላይ አለቆች ይናገራል፤ ተስተካከለ ወይ ብሎም ተመልሶ ይጠይቃል። በሕጉ የሚሠራ ፖሊስ ምን ያስፈራዋል?»

«እኛ የሰው አገር ሰዎች ነን።»

«በር ላይ ዜግነት ቢጠይቁ ኖሮ አስተርጓሚ ለምን ይፈልጋሉ? እኛው ነን የምናስቸግራቸው። ባለፈው ሴቶቹን እንዴት ናችሁ ቢሏቸው በሙሉ ‹ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን› አሉ። ኮሚሽኑም ደህና ናቸው ብሎ ጽፎ ሄደ።»

«ታዲያ ምን ይበሉ? እንዴት ነሽ ላለ ሰው ብሶት ይዘርግፉበት? ነውር አይደለም እንዴ?»

በእርግጥ ይህ ልማድ ከጎረቤት ደጃፍ ሲሆን ያማረ ነው፤ ጠያቂውን አያስጨንቅም። ሐኪምና ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን በሽታውንም በደሉንም ሸፍኖ ያስቀራል።

«ያላ፣ በይ እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ በመጨረሻ። «ግን ለምሳው ስል ነው!»

ሁለቱም በኮሚሽኑ መኪና ተሳፈሩ፤ መኪናው የቆመውም መዲና ያለችበት ጣቢያ በር ላይ ነበር። የኮሚሽኑ ጠበቃ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ፖሊሶቹን በትሕትና ከክፍሉ አስወጣችና በሩን ዘጋች። «እዚህ አያያዝሽ እንዴት ነው?» ብላ መዲናን ጠየቀች፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅም ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሱት።

መዲና ሻርፗን አስተካክላ ፈገግ አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ቃሉን እንደ ወረደ አስተረጎሙ። የጠበቃዋ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ መሮጥ ጀመረ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ የመዲናን የደረቀ ከንፈርና የምትተኛበትን ባዶ ሲሚንቶ ተመለከቱ። ይህች ሴት አሁን ጽፋ ብትወጣ መዲና በገዛ ቃሏ ተቆልፎባት ልትቀር ነው።

«ይቅርታ ማዳም፣ ጥያቄውን ላስረዳት ይፈቀድልኝ» አሉ። ጠበቃዋ ራሷን ነቀነቀች።

«መዲና፣ ይህች ሴት ሰላም እያለችሽ አይደለም። ሥራዋን እየሠራች ነው። እኔ ካንቺ አፍ የወጣውን እንጂ አንዲት ቃል አልጨምርልሽም።»

«ፖሊሱ ቢቀየመኝስ?»

«እሱን አልጠየቀችሽም። አንቺን ነው።»

የመዲና እንባ ከቃሏ ጋር ወረደ። ሲሚንቶ ላይ እንደምትተኛ፣ ወገቧን እንዳመማት፣ በምን እንደተከሰሰች እንኳ በሚገባት ቋንቋ የነገራት እንደሌለ ተናገረች። «ቀለበቱስ ተገኝቷል! ለማን ልንገር?»

«ተገኝቷል?» ጠበቃዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። መዝገቡን አስመጣች፤ ለማዳሟ ደወለች፤ ተረኛውን ዐቃቤ ሕግም አገኘች። ሰኞ ቀትር ላይ መዲና ነጻ ወጣች። ወይዘሮ ሮማነወርቅ በር ላይ ጠብቀው እልል ሲሉ ወፍራሙ ፖሊስም አጨበጨበ።

«እኔም ለእስረኞቹ ፍራሽ ስጡኝ እያልኩ ደክሞኝ ነበር» አላቸው። «የሚሰማኝ አልነበረም። ኮሚሽኑ ሲጠይቅ ግን ኸላስ፣ በቃ አለቀ፣ ይመጣል አሉ!»

በሚቀጥለው እሑድ ፀጉር ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ የመዲናን ፀጉር እያጠቡ ለደንበኞቻቸው ይሰብካሉ።

«የማንም እንጀራ አልተዘጋ! ለመዲና ነጻነት፣ ለቀሩት ፍራሽ፣ ለፖሊሱም እፎይታ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ተቆጣጣሪ ያለው ሥራ ለሠሪውም ለተሠራበትም ደግ ነው። እኛ ግን እውነቱን ካልነገርነው በምን ያውቃል? ጠንቋይ አይደል!»

ኮኮቤ ጥግ ተቀምጣ፣ «ለምሳው ስል ነው ያሉት ማን ነበሩ?» ብትል ቤቱ እንደገና ሳቀ።

«ዝም በይ አንቺ! መዲናዬ፣ ውኃው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እትዬ ሮማን፣ አልሐምዱሊላህ።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጃቸውን አቆሙ። «መዲና!»

«አቃጠለኝ!» ብላ ጮኸች መዲና፤ ሁሉም አጨበጨቡላት።